የተጣመረ መጽሐፍ፣ የተነጣጠለ መምህር፦ የተቀናጀ ትምህርትና ለመምህራን የሚሰጥ ድጎማ

በ2015 ዓ.ም በስፋት ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ቀድሞ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ለየብቻቸው ይሰጡ የነበሩትን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ «አጠቃላይ ሳይንስ» በሚል ስያሜ አንድ የትምህርት ዓይነት አድርጓቸዋል። በታችኞቹ ክፍሎችም የአካባቢ ሳይንስ የተፈጥሮንና የኅብረተሰብን ዕውቀት አጣምሮ እንዲያስተምር ተቀርጿል። ለውጡ በመርህ ደረጃ የሚደገፍ ነው፤ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የሚያየው ወንዝ፣ ማሳ ወይም ገበያ በትምህርት ዓይነት ተከፋፍሎ አይጠብቀውምና። ነገር ግን መጽሐፉን ይዞ ክፍል የሚገባው መምህር አብዛኛውን ጊዜ በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሠለጠነው በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። የፊዚክስ ምሩቅ ስለ ሕዋስ የሚያወሳውን ምዕራፍ፣ የባዮሎጂ ምሩቅ ደግሞ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚያወሳውን ምዕራፍ በጥድፊያ እንዲያልፍ የሚገፋፋው ሁኔታ አለ። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የተጣመረው ትምህርት በመምህራኑ ዘንድ እንደተነጣጠለ ቀርቷል ማለት ነው።

ችግሩ ሲነሣ ወዲያው የሚሰነዘሩት መፍትሔዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተጨማሪ ሥልጠና፣ ሁለተኛው ተጨማሪ መርጃ መሣሪያ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሁለቱ በአግባቡ ቢሟሉም እንኳ የሚቀር አንድ መሠረታዊ ጉድለት ግን አለ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገኙ ሁለት የተለያየ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን አብረው አንድ ትምህርት ለማዘጋጀት ቢያስቡ፣ ሐሳባቸውን የሚቀበል የበጀት ርዕስም፣ የሥራ ጊዜም፣ የሙያ ዕውቅናም በቀላሉ አያገኙም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የተቀናጀ ትምህርት ለአንድ መምህር ሲሰጥ ሸክም፣ ለሁለትና ለሦስት ሲካፈል ግን የሚቻል ሥራ ነው። ስለዚህ ድጎማ ሲታሰብ ሊታሰብ የሚገባው ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአንዱ የትምህርት ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ አብረው ለሚሠሩ መምህራን ጥንድ ነው። ይህንንም ለመጀመር ከማንም በተሻለ አቅሙ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ቅንጅት ሲባል ምን ማለት ነው?

የተቀናጀ ትምህርት ሦስት መጻሕፍትን በአንድ ጥራዝ መጠረዝ አይደለም። አንድ ጥያቄ ሲነሣ መልሱ ከአንድ የትምህርት ዓይነት በላይ የሚጠይቅ ሲሆንና እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ያለ ሌላው ጎዶሎ መሆኑ ለተማሪው ሲገለጥለት ነው። ለዚህ ከሩቅ አገር ምሳሌ መበደር አያስፈልግም። የዘመን አቆጣጠር በእጅ የሚገኝ ምሳሌ ነው።

በባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት በ2018 ዓ.ም ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ይባላል። ለ19 ሲካፈል ደግሞ 13 ይተርፋል፤ ከዚያ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው 12 ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132 ይሆንና ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ ይባላል። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228 ሆኖ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የሒሳብ መምህሩ ስለ ቀሪ የሚያስተምረው ትምህርት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ተማሪውም አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 የሚሆኑት ለምን እንደሆነ ራሱ ሊመረምር ይችላል፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳብ ብቻውን ማባዣው ለምን 11 እንደሆነ አይነግረውም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ዑደት የሚያስተምረው መምህር ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ገደማ፣ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ደግሞ 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ልዩነታቸውም 11 ነው። የሂጅራ አቆጣጠር የጨረቃን ወራት ብቻ ስለሚከተል የረመዳን ወር በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተማሪ ከየቤታቸው ያመጡት የዘመን መቁጠሪያ በአንድ ቁጥር ላይ ሲገናኝ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ ስለ አብሮ መኖር በቃል ከሚያስተምረው የበለጠ የሚጨበጥ መነሻ ያገኛል። «አበቅቴ»ና «መጥቅዕ» የሚሉት ቃላት ከየት እንደመጡ መመርመር ደግሞ የቋንቋ መምህሩ ድርሻ ነው።

ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልጉት አንድ ኳስ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ የግድግዳ መቁጠሪያዎች፣ ወረቀትና ጥቂት ገጽ ቅጂ ናቸው። ገንዘቡ ጥቂት ነው። ሦስት መምህራን ተቀምጠው የሚመካከሩበት፣ የስሌቱን ሊቅ ወይም የመስጊዱን አስተማሪ የሚያማክሩበት፣ አንዱ የሌላውን ክፍለ ጊዜ የሚጋራበት ሁኔታ ግን በነጻ አይገኝም። የተቀናጀ ትምህርት እውነተኛ ዋጋ ያለው በዕቃው ላይ ሳይሆን በዝግጅቱ ላይ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ድጎማ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት፣ በዓለም ባንክና በሌሎች የልማት አጋሮች ድጋፍ፣ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች መድረስ ጀምሯል። የዚህን ጥቅም ማሳነስ አይገባም። የወረዳው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ በሚውልበት ሁኔታ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ አቅዶ የሚያወጣው ገንዘብ ማግኘቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ገንዘቡም የሚመራው በትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር አራት ዐበይት ርዕሰ ጉዳዮች ነው። እነዚህም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እንዲሁም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው።

ዕቅዱ ከተዘጋጀ በኋላ ግን ገንዘቡ የሚወጣው በመንግሥት የግዥ ሥርዓት ነው። ዕቃው በዝርዝር ይጠየቃል፤ የዋጋ ማቅረቢያ ከተለያዩ ነጋዴዎች ይሰበሰባል፤ የተገዛው በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ይህ ሥርዓት የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን የተዘረጋ ነውና ሊነቀፍ አይገባም። የጎንዮሽ ውጤቱ ግን መታየት አለበት። በዚህ መንገድ በቀላሉ የሚያልፈው አስቀድሞ በቁጥርና በዓይነት ሊዘረዘር የሚችል ዕቃ ነው፦ ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የጽዳት ዕቃ፣ የወንበር ጥገና። ጥያቄውም የሚመነጨው ከየትምህርት ክፍሉ ስለሆነ፣ የሒሳብ ክፍል የራሱን፣ የቋንቋ ክፍል የራሱን ያቀርባል። በሁለቱ መካከል የተወለደ ሐሳብ ግን ባለቤት የለውም። ኳሱን የሚጠይቀው ማን ነው? ቅጂው የሚመዘገበው በማን ስም ነው? ሊቁን ለማማከር የሚወጣው የትራንስፖርት ወጪ በየትኛው ርዕስ ይያዛል? እያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም፣ ሦስቱ ሲደመሩ መምህሩ ሐሳቡን ትቶ ወደ መጽሐፉ እንዲመለስ ይበቃሉ።

ጊዜና ዕውቅናም እንዲሁ ተከፋፍለው ነው የሚገኙት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ መምህራን በዓመት 60 ሰዓት ለሙያቸው መሻሻል እንዲያውሉ ይጠይቃል። ሰዓቱ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ከተጨባጭ የክፍል ሥራ ጋር ካልተያያዘ በማኅደር ውስጥ የሚቀመጥ ሰነድ ማዘጋጃ ሆኖ የመቅረት አደጋ አለው። ሁለት መምህራን አብረው ያዘጋጁት ትምህርት የእነዚህ ሰዓታት አካል ሆኖ ቢቆጠር፣ ድጎማው ሊገዛው የማይችለው ጊዜ ያለ ተጨማሪ በጀት ይገኛል።

ዕቃ ብቻውን ለምን አይበቃም?

«ችግሩ የመርጃ መሣሪያ እጥረት ነው፤ መሣሪያው ይሟላ» የሚለው ክርክር ጠንካራ ይመስላል። የጥናት ማስረጃው ግን ጥንቃቄ እንድናደርግ ያስገድዳል። ፖል ግሉዊ፣ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በኬንያ 178 ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረዋል፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለሌሎች ትምህርቶች የሚያገለግሉ የሥዕል ሰሌዳዎች ተሰጥቷቸው ነበር። መሣሪያው ያላቸውንና የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች እንዲያው በነበሩበት በማነጻጸር የተገኘው ግምት ሰሌዳዎቹ ውጤትን እንደሚያሻሽሉ የሚያመለክት ነበር። በትክክለኛው ሙከራ ግን በፈተና ውጤት ላይ ያመጡት ለውጥ አልተገኘም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከታንዛኒያ ነው። ኢሳክ ምቢቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት በ350 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ድጎማ ብቻ፣ አንዳንዶቹ ለመምህራን የሚሰጥ ማበረታቻ ብቻ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም አግኝተዋል። ድጎማ ብቻውን በተማሪዎች ውጤት ላይ ለውጥ አላመጣም፤ ድጎማውና ማበረታቻው አንድ ላይ ሲሰጡ ግን ውጤቱ ተሻሽሏል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ማበረታቻው የግድ በገንዘብ መሆን አለበት የሚል አይደለም። ገንዘብ የሚሠራው መምህሩ ሊጠቀምበት የሚፈልግበት ምክንያት ሲኖረው ነው የሚል ነው።

በአገር ውስጥም ተመሳሳይ ትዝታ አለ። በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ከፍተኛ ወጪ የፈሰሰበት፣ ለገጠርና ለከተማ ተማሪ እኩል ትምህርት ለማድረስ የታለመ ነበር። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ ትምህርቱ ከማዕከል ተዘጋጅቶ ስለሚተላለፍ ፍጥነቱን የሚወስነው ሥርጭቱ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሊያቆመው አይችልም ነበር። መሣሪያው ዘመናዊ ነበር፤ መምህሩ ግን የመሣሪያው ረዳት ሆነ። መርጃ መሣሪያ የመምህሩን ሐሳብ ተከትሎ ሲመጣና ሐሳቡን ቀድሞ ሲመጣ አንድ ዓይነት ውጤት አይኖረውም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በሌሎች አገሮች የተሞከሩ ሦስት አሠራሮች ለዚህ ክርክር ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የአጋርነት ድጎማ ነው። ትምህርት ቤቱ እስከ 3,000 ፓውንድ ሊያገኝ የሚችለው ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከኢንዱስትሪ የመጣ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስና ወይም የሒሳብ ባለሙያ አጋር ሲኖረውና ተማሪዎች ራሳቸው የሚመራመሩበት ሥራ ሲያቀርብ ነው። ገንዘቡ መጠነኛ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ያለ አጋር ማመልከት አለመቻሉ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር በነበረው ቻርልስ ቤስት የተመሠረተው ዶነርስቹዝ የተባለ ድርጅት ነው። መምህሩ የሚያስፈልገውን ዕቃና የሚያውልበትን ትምህርት ይገልጻል፤ ለጋሾች ያዋጣሉ፤ ድርጅቱ ራሱ ዕቃውን ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። ገንዘብ በመምህሩ እጅ ስለማይገባ ሐሳቡ የመምህሩ፣ የግዥው ተጠያቂነት የድርጅቱ ሆኖ ይቀራል። የግዥ ሥርዓት መምህሩን እንዳያስጨንቅ ማድረግ ሥርዓቱን መሻር እንዳልሆነ ይህ አሠራር ያሳያል። እርግጥ ነው፣ በዚያች አገር የትምህርት ቤት ፍላጎት በለጋሾች በጎ ፈቃድ ላይ መውደቁ ራሱ የሚተች ነው፤ የሚወረሰው አሠራሩ እንጂ ጥገኝነቱ አይደለም።

ሦስተኛው የፊንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጸድቆ ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓይነቶችን ያቀናጀ የትምህርት ክፍል እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በውጭ ብዙ ጊዜ የሚወራው ፊንላንድ የትምህርት ዓይነቶችን እንዳስቀረች ነው። እውነታው ግን ሒሳብም ታሪክም በየስማቸው ይሰጣሉ፤ ግዴታው ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲገናኙ ነው። መምህራኗ በማስተርስ ደረጃ የሚሠለጥኑባት አገር በዚህ ልክ ከጀመረች፣ ሀብቱ አነስተኛ የሆነ ሥርዓት ሁሉንም በአንዴ ለማቀናጀት መነሣቱ ሊታሰብበት ይገባል።

የጥንድ ድጎማ ምን ሊመስል ይችላል?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት የሚከተለው አሠራር ሊሞከር ይችላል።

አንደኛ፣ አመልካቹ አንድ መምህር ሳይሆን ከተለያየ የትምህርት ክፍል የመጡ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ይሁኑ። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ በትምህርት ቤቱ የሥራ ቋንቋ ይጻፍ፤ የሚመልሰውም ሦስት ጥያቄ ብቻ ይሁን፦ ተማሪው የሚመረምረው ጥያቄ ምንድን ነው? እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የሚያበረክተው ምንድን ነው? ምን ያስፈልጋል?

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ድጎማውን የሚሰጠው ተቋም ገዝቶ ያስረክብ። ለቅጂ፣ ለትራንስፖርትና ለመሳሰሉት ጥቃቅን ወጪዎች ብቻ አነስተኛ ጥሬ ገንዘብ በርዕሰ መምህሩ በኩል ይሰጥና በቀላል ደረሰኝ ይወራረድ።

ሦስተኛ፣ መምህራኑ ለዝግጅት ያዋሉት ሰዓት በ60 ሰዓቱ የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ውስጥ ይቆጠር፤ የሥራው ዘገባም እንደ ተግባራዊ ምርምር ታይቶ ለደረጃ ዕድገት በሚቀርበው የሥራ ማስረጃ ውስጥ ይካተት።

አራተኛ፣ የተዘጋጀው ትምህርት ከነ ጉድለቱ ተጽፎ በጉድኝት ማዕከሉ ይቀመጥ፤ በጉድኝቱ ያሉ ትምህርት ቤቶችም ያለ ፈቃድ ይቅዱት። ያልሠራውም ነገር መጻፉ አስፈላጊ ነው፤ ጎረቤት ትምህርት ቤት ያንኑ ስህተት በድጋሚ እንዳይከፍልበት ይረዳልና።

አምስተኛ፣ መስፈርቱን ያሟሉ ጥንዶች ከበጀቱ በላይ ከሆኑ ምርጫው በዕጣ ይሁን። ዕጣ በአንድ በኩል አድልዎን ያስቀራል፤ በሌላ በኩል ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ክፍሎች በማነጻጸር ድጎማው ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ለማጥናት ያስችላል። ያልወጣላቸውም በሚቀጥለው ዓመት ቅድሚያ ያግኙ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የቅደም ተከተል ነው፦ ወንበርና መጽሐፍ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ስለ ቅንጅት ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ተቃውሞው ክብደት አለው። ተማሪዎች መሬት ላይ በሚቀመጡበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ብር ለወንበር መዋል አለበት። ይሁን እንጂ የጥንድ ድጎማ የትምህርት ቤቱን ድጎማ የሚተካ ወይም ከእሱ የሚቀነስ አይደለም፤ በመጠኑም ከአንድ ክፍል ዕድሳት ጋር የሚወዳደር አይሆንም። በተጨማሪም በአካባቢ ሀብት ላይ የሚመሠረት ትምህርት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ከሁሉ በላይ የሚጠቀምበት እንዲያውም ይህ ዓይነቱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የፍትሐዊነት ጥያቄ ነው። ውድድር ባለበት ሁሉ ማመልከቻ መጻፍ የሚችለው የከተማ ትምህርት ቤት ያሸንፋል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለዚህም ነው ማመልከቻው አጭር፣ ቋንቋው የትምህርት ቤቱ፣ ምርጫው በዕጣ እንዲሆን የተባለው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ወረዳ የተወሰነ ድርሻ ቢመደብና የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች በማመልከቻው ዝግጅት ቢያግዙ ልዩነቱ ይጠባል፤ ጨርሶ ይጠፋል ማለት ግን አይቻልም።

ሦስተኛውና ከባዱ የፈተና ጥያቄ ነው። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ መሠረታዊ ይዘት መጠናከር አለበት እንጂ መምህራን በአዳዲስ ሙከራ ጊዜ ማጥፋት የለባቸውም የሚል ክርክር ይነሣል። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል፤ የተቀናጀ ትምህርት የፈተና ውጤትን በቀጥታ ያሳድጋል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም። ሊባል የሚችለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ይዘት የተመረጠና በወሰነ ትምህርት አንድ ጊዜ የሚሰጥ የተቀናጀ ትምህርት የሚሻማው ጊዜ አነስተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያሉ ውጤቶች የታዩት የተቀናጀ ትምህርት በዝቶ ሳይሆን ተማሪው የሚሸመድደውን ነገር ከሕይወቱ ጋር የሚያገናኝበት አጋጣሚ ባነሰበት ሥርዓት ውስጥ መሆኑ ነው። ያለፈውን አሠራር በበለጠ ጥድፊያ መድገም ለዚህ መልስ እንደሚሆን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ተቃዋሚው ነው።

የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ተልእኮ አለባቸው። በርካታዎቹም በአካባቢያቸው ለሚገኙ ተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላት ከፍተዋል። ማዕከላቱ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ተማሪውን ወደ ግቢው ያመጣሉ እንጂ የመምህሩን ክፍል አይለውጡም። ከማኅበረሰብ አገልግሎት በጀቱ ጥቂቱን ለጥንድ ድጎማ መመደብ ለዚህ ማሟያ ይሆናል። ሥራውን ለመጀመር አዲስ ሕግም አዲስ ተቋምም አያስፈልግም፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ወይም በሁለት ወረዳ ሊሞክረው ይችላል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድርሻ በተለይ መታሰብ አለበት። በትምህርት መስክ የሚጻፉ የማስተርስ ጥናቶች ብዙዎቹ መረጃቸውን የሚሰበስቡት ከትምህርት ቤቶች ነው። ተመራማሪው መጠይቁን በትኖ፣ ቃለ መጠይቁን ቀድቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ጥናቱ ተጠናቆ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ መምህሩ ውጤቱን የሚያይበት ዕድል ጠባብ ነው። ለዓመታት መረጃ የሰጠ ትምህርት ቤት በምላሹ ያገኘው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ መልሱ የሚያኮራ አይሆንም። የሒሳብ፣ የጂኦግራፊ፣ የፎክሎር ወይም የአፈር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለአንድ የመምህራን ጥንድ አጋር ቢሆን፣ ዕዳው በከፊል ይከፈላል፤ ተማሪውም ዕውቀቱን ለሌላ መስክ ሰው የማስረዳት ልምድ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በትምህርት ክፍሎች አጥር የተከፋፈለ በመሆኑ፣ በትምህርት ቤት የሚሰበከውን ቅንጅት በግቢው ውስጥም ለመለማመድ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሆኖም አንድ አደጋ አለ። ዩኒቨርሲቲ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሐሳቡን ይዞ የሚሄድ አለቃ፣ መምህሩ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ፕላዝማው በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ቀዳሚው ስም የመምህራኑ፣ የሚመረመረውን ጥያቄ የሚወስኑት መምህራኑ፣ በሚጻፈው ዘገባም የመጀመሪያ ጸሐፊዎቹ መምህራኑ ሊሆኑ ይገባል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሲቸግር የሚያግዝ አጋር ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም ከሥራው ጋር መጣጣም አለበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። ጥሪው በግንቦት ቢወጣ፣ ዕጣው በሰኔ ቢጣልና ግዥው በሐምሌ ቢፈጸም፣ ነሐሴ ለመምህራኑ የዝግጅት ወር ይሆናል። በጥር የሚደርስ ኳስና ባትሪ የመስከረሙን ትምህርት አያድንም። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው እርምጃ ከባድ አይደለም። አንድ የትምህርት ፋኩልቲና አንድ የሳይንስ ኮሌጅ በጋራ ሃያ ጥንዶችን የሚያስተናግድ ጥሪ ያዘጋጁ፤ ዕጣ ያልወጣላቸውን ጥንዶች እንደ ማነጻጸሪያ ይያዙ፤ በዓመቱ መጨረሻ የተገኘውን ውጤት፣ ድጎማው ለውጥ አላመጣም የሚል ቢሆን እንኳ፣ መምህራኑ ራሳቸው በተገኙበት መድረክ ያቅርቡ።